የአባቴ ቁልፍ በሮኬት አፍንጫ ውስጥ

«በሕይወትሽ የማትረሺው ቀን የቱ ነው?» ስባል አንዳንዱ ሠርጌን እንዳወራ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ ምርቃቴን። እኔ ግን ሁልጊዜ የማወራው ስለ አንድ እሁድ ነው። በዚያ እሁድ አባቴ የመርካቶ ሱቁን ቁልፎች አንድም ሳያስቀር ሮኬት ውስጥ እንድከታቸው ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ወደ ሰማይ ላክኋቸው። የቀልድ ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ስሜ ሐያት ነው። ያደግኩት መርካቶ ነው፤ ቤታችን መሳለሚያ፣ ሱቃችን ጨርቅ የሚሸጥበት መደዳ ላይ። አባቴን ሰፈሩ ጋሼ ሸምሱ ይለዋል። በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ጎጃም በረንዳ መኪና ላይ ዕቃ እየጫነ ኖረ፤ ከዚያ ጭድ ተራ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ፤ ቆይቶ ጨርቅ በጣቃ ማከፋፈል ጀመረ። የመጀመሪያ ልጁም የመጨረሻ ልጁም እኔ ነኝ። ስለዚህ ገና ፊደል ሳልቆጥር ሱቁን የምረከበው እኔ መሆኔ ተወስኖ አልቋል። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ጊዜው መንግሥት ተማሪውን ሁሉ ወደ ኢንጂነሪንግ የሚነዳበት ነበር፤ እኔ ግን ማንም ሳይነዳኝ ሮጬ ነው የገባሁት። ዩኒቨርሲቲ ከክፍሌ ልጆች ጋር ሆነን የሮኬት ክበብ አቋቋምን። ሮኬት ስላችሁ ጨረቃ ላይ የሚያርፈውን እንዳታስቡ። ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ ሞዴል ነው፤ ግን እውነተኛ ነው፣ ተተኩሶ ይወጣል፣ በፓራሹት ይወርዳል። መርካቶ ላደገ ሰው ደግሞ ዕቃው ሩቅ አይደለም። ሰውነቱን የሠራሁት ጣቃ ከሚጠቀለልበት ወፍራም የካርቶን ቱቦ ነው፣ ከአባቴ መጋዘን። ክንፎቹን ከኮምፔርሳቶ ቆረጥኩ። አፍንጫውን አሮጌ ጋዜጣ በኮላ እያነባበርኩ ሠራሁት፤ ውስጡ ባዶ ነው። ፓራሹቱ ቀይ የኮት ገበር ነበር። ከመርካቶ ያልመጡት አራቱ ትንንሽ ሞተሮች ብቻ ናቸው፤ እነሱን መምህራችን ራሱ ቆሞ ነው በላቦራቶሪ ያሠራን።

መከራው የሚመጣው ከአራትነታቸው ነው። አንድ ሞተር ያለው ሮኬት ጨዋ ነው። አራቱን አንድ ላይ ስታስሩ ጅራቱ ይከብዳል፤ አንዳቸው ሳይቀጣጠል ከቀረ ደግሞ የቀሩት ወደ ጎን ያዞሩታል። ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ሚዛኑ የሚያርፍበት ቦታ ነፋስ ከሚገፋው ቦታ ቀድሞ፣ ወደ ፊት መሆን አለበት። ጦርን አስቡት፤ ብረቱ ከፊት ነው። ብረቱ ከኋላ ቢሆን ጦሩ አየር ላይ ይገለበጥ ነበር።

የመጀመሪያው ሮኬታችን የሠራን ይህንኑ ነው። ከመሬት እንደተነሣ ተገለባብጦ ሰው ወደቆመበት ዞረና የመምህራችን መኪና አጠገብ አፈር ውስጥ ተቀረቀረ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ከትምህርት ክፍሉ ግን ቁርጥ ያለ ቃል መጣ። አንድ ዕድል ይሰጠናል፤ ሁለተኛውም ከተጠማዘዘ ክበቡ ይዘጋል። ሮኬቱን ቀጥ የማድረጉን ሥራ «ለእኔ ስጡኝ» ብዬ ወሰድኩት። የተከራከረኝ የለም፤ እንዲያውም ሁሉም የተገላገሉ መሰሉ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ።

«ሐያት፣ ያ ርችትሽ ሰው ሊፈጅ ነበር አሉ» አለኝ አባቴ፣ ጨርቅ መለካቱን ሳያቋርጥ።

«ርችት አይደለም አባዬ፣ ሮኬት ነው።»

«ቀስ በይ እንጂ! እዚህ ሰፈር ሮኬት ሲባል የሚመጣው ፖሊስ ነው።»

«ፈቃድ አለን። ፖሊሶቹ ራሳቸው ቆመው ያዩናል።»

መለኪያውን አስቀመጠና ከግራ ኪሱ ቁልፎቹን አወጣ። ስለ እነዚህ ቁልፎች ልንገራችሁ። የሱቁ፣ የመጋዘኑ፣ የካዝናው፣ የየጓጉንቸሩ ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት ታስረዋል፤ ወፋፍራም የብረትና የነሐስ ቁልፎች ናቸው። ኮፒ የላቸውም፤ አባቴ ኮፒ ማስቀረጽን ሌባ ቤት ከመጥራት አይለየውም። ሲተኛ ትራሱ ሥር፣ ሲሰግድ አጠገቡ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ የዛገች ቁልፍ የጭድ ተራዋ የመጀመሪያ ሱቁ ነበረች። ሱቋ ፈርሳ በቦታዋ ፎቅ ከቆመ ቆይቷል፤ ቁልፏን ግን አልጣላትም።

«በይ እንወራረድ» አለኝ።

«ውርርድ ሐራም አይደል እንዴ?»

«እሺ፣ እንስማማ። ሁለተኛው ቀጥ ብሎ ከሄደ የሱቁን ነገር ዳግመኛ አላነሳብሽም። የወደድሽው ቦታ ሥራ ያዢ። ከተጠማዘዘ ግን ስትመረቂ ይህን ትይዣለሽ» ብሎ ቁልፎቹን አየር ላይ አንሿሿቸው።

«ተስማምተናል» አልኩና እንደ ነጋዴ ወግ መዳፉን በመዳፌ መታሁት። ጎረቤት ባለሱቆች ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በዚያች ጭብጨባ ዕድሜዬን ሙሉ እንዳስያዝኩ ገብቶኛል። ብቻ አልፈራሁም። ሒሳቤን አውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ቤቴ ሆነ። የሁለተኛውን ሮኬት ክንፎች አሰፋኋቸው። ሞተሮቹን ቀጥ አድርጌ ሳይሆን ትንሽ አጋድዬ ተከልኳቸው፤ እያንዳንዱ የሚገፋበት መስመር በሚዛኑ ቦታ ላይ እንዲያልፍ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ባይቀጣጠል እንኳ ሌሎቹ ሮኬቱን ለማዞር ጉልበት ያጣሉ። አፍንጫው ውስጥ የብሎን ቁርጥራጭ በኮላ አጣበቅኩ። ሚዛኑ የሚያርፍበትን ቦታ በሰማያዊ፣ ነፋስ የሚገፋውን ቦታ በቀይ መስመር ቀለም ቀባሁት። ሰማያዊው ከቀዩ ቀድሞ ወደ አፍንጫው ነው። ጓደኛዬ ብሩክ ከሁላችንም ረጅም ስለሆነ ሮኬቱን ሰማያዊው መስመር ላይ በገመድ አስሮ ግቢው መሃል እንደ ወንጭፍ አዞረው። ሮኬቱ አፍንጫውን አስቀድሞ በጨዋ ደንብ ዞረ። ቅዳሜ ማታ መጋዘኑ ውስጥ በክንፎቹ አቁሜው፣ ጨርቅ አልብሼው፣ ቤት ገብቼ ተደላድዬ ተኛሁ።

እሁድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። መምህራችን፣ ብሩክ፣ የክበቡ ልጆች፣ ሁለት ፖሊሶች፣ ደግሞም ለዒድ የሚለብሰውን ኮት የለበሰው አባቴ። ሽንፈቱንም ቢሆን በክብር ሊያይ የመጣ ይመስል ነበር።

የአባቴ ተሸካሚዎች ጠዋት የጫኑትን ሮኬት ብሩክ ከፒካፑ ሲያወርድ ፊቱ ተለወጠ።

«ሐያት፣ ይሄ ነገር ትናንት እንዲህ ይከብድ ነበር?»

«ስላልተኛህ ነው» አልኩት።

ግን አመል ነውና ከመተኮሴ በፊት መመዘን ነበረብኝ። ሞተሮቹን አስገባሁ፤ ማቀጣጠያ ሽቦ ገና አልተያያዘም። ገመዱን ሰማያዊው መስመር ላይ አሰርኩና አንጠለጠልኩት። ጅራቱ ቁልቁል ወረደ። እንደገና አሰርኩት። እንደገና ወረደ። ገመዱን ወደ ኋላ እያንሸራተትኩ ሚዛኑን ሳገኘው ቀዩን መስመር አልፏል። ይህ ሮኬት በዚህ ሁኔታ ቢተኮስ እንደ መጀመሪያው መገለባበጡ የማያጠራጥር ነበር።

ዘቅዝቄ ጅራቱን አየሁት። በአራቱ የሞተር ቱቦዎች መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ ነጭ ነገር ተሞልቷል። በጥፍሬ ነካሁት፤ ጄሶ ነው፣ የግድግዳ ጄሶ፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

«ማነው ይህንን የነካው?» ብዬ ጮህኩ። ፖሊሶቹ ሳይቀሩ ደነገጡ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ሁላችንም ዞርን። እሱ ግን እንደሚመሰገን ሰው ፈገግ ብሎ ነበር።

«ትናንት መጋዘን ልዘጋ ስገባ በክንፎቹ ቆሞ ይወዛወዛል። ነካ ባደርገው ሊወድቅ! ከላይ ከብዷል፤ ልጄ ተሳስታለች አልኩ። እኔ ጎጃም በረንዳ የኖርኩት መኪና ስጭን ነው፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። ለዚህ ሲባል ልቀስቅስሽ? ጄሶ በጠበጥኩና ሞላሁት። አሁን ግፊው እስቲ፣ ንቅንቅ ቢል!»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሻችሁም። ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ባሊ ጄሶ! ልናገር አፌን ከፍቼ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ሮኬቱ ከወደቀ እኮ የምታሸንፈው አንተ ነህ። ሱቁን የምይዘው ያን ጊዜ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ልጄ ሰው ፊት ስታፍር ቆሜ ልይ?»

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ያ ሁሉ ሰው ባይኖር አቅፌው አለቅስ ነበር። ዓመታት ሙሉ ሱቁን ከእኔ አስበልጦ የሚወድ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን የገዛ ፍላጎቱን የሚያሸንፍ ጄሶ ሲበጠብጥ ነው ያመሸው። ያውም በተሳሳተው ጫፍ!

መምህራችን አጠገቤ መጣ። «ሐያት፣ ይቅር። ዛሬ አንተኩስም።»

«ፈቃዱ ለዛሬ ጠዋት ብቻ ነው፣ መምህር።»

«ጄሶውን ፈልፍለሽ ማውጣት ትችያለሽ?»

«አልችልም። ቱቦዎቹን ይዟቸዋል፤ መሮ ካሳረፍኩበት ይሰነጠቃሉ። ግን ሌላ መንገድ አለ። ጅራቱ የከበደውን ያህል አፍንጫውን ላክብደው። ሚዛኑ ሰማያዊው መስመር ላይ ከተመለሰ ሌላው ሒሳብ ሁሉ እንደነበረ ነው። አራቱ ሞተሮች የተረፈ ጉልበት አላቸው፤ ያነሱታል። ከፍታው ይቀንሳል እንጂ አይጠማዘዝም። ካልተመለሰ እኔው ራሴ አላስተኩስም።»

መምህራችን «መዝነሽ አሳዪኝ» አለኝ።

የፒካፑን የመፍቻ ሳጥን አራገፍን። ያገኘነውን ብሎን ሁሉ አፍንጫው ውስጥ ጨመርኩ፤ አልበቃም። ጠጠር ሞከርን፤ ባዶው ቦታ ጠባብ ነው፣ የሚገባው ጠጠር ደግሞ ቦታውን ሞልቶ አይመዝንም። ከፖሊሶቹ አንዱ ጥይቱን እየነካካ «ይሄስ?» ሲል መምህራችን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ሰውየው ቀልዱን ነበር። ከብረት በቀር የሚያዋጣ ነገር አልነበረም፣ በሜዳው ላይ ደግሞ ሣር ብቻ ነው ያለው።

አባቴ ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ቀረበ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«አበላሸሁብሽ አይደል?»

«አባዬ፣ ይህ የሚቆም ዕቃ አይደለም፣ የሚሄድ ነው። የሚሄድ ነገር ክብደቱ ከፊት ነው።»

«እንደ ጦር?»

«እንደ ጦር።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግራ እጁ ወደ ኪሱ ገባና ቁልፎቹን አወጣ። ከቀለበቱ አንዷን፣ ያቺን የዛገች የጭድ ተራ ቁልፍ ፈታና መልሶ ኪሱ ከተታት። ሌሎቹን ዘረጋልኝ።

«እንኪ።»

«አይሆንም!» አልኩት። «ቢጠፉስ? ነገ ሱቁን በምን ትከፍታለህ? የአገር ቤት ደንበኞችህ በጠዋት ነው የሚመጡት።»

«ጃንጥላ አለው ብለሽኝ የለ?»

«አለው። ግን አፍንጫውን ከፓራሹቱ ጋር የሚያያዘው ገመድ ቢበጠስ...»

«ገመዱን ያሰረው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ምን አስጨነቀሽ?»

ቁልፎቹ እንዳይንኳኩ በአባቴ መሐረብ ጠቀለልኳቸው፤ ጠጠሩን አራግፌ እነሱን አስገባሁ። ገመዱን ሰማያዊው መስመር ላይ አስሬ አንጠለጠልኩ። ጅራቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተነሣና ሊስተካከል ትንሽ ሲቀረው ቆመ። አባቴ ፊቴን ብቻ አይቶ ገባው።

«ስንት ጎደለሽ?»

«ትንሽ። በጣም ትንሽ።»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆየ። የዛገችውን ቁልፍ ሲያወጣ አላየኝም፤ እሷን ብቻ ነበር የሚያየው። በመዳፉ ጠረጋትና ሰጠኝ። አስገባኋት። ሮኬቱ ሰማያዊው መስመር ላይ ተጋድሞ ቀጥ አለ።

ብሩክ ገመዱን ተቀብሎ አዞረው። ፖሊሶቹ ጎንበስ አሉ። አፍንጫው ቀድሞ ነው የዞረው፣ አንዴም አልተዛነፈም። መምህራችን አየና «ሽቦውን አያይዙ» አለ።

ሮኬቱን ረጅሙ የማስነሻ ዘንግ ላይ አቆምነው። ስለከበደ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ክንፎቹ ደግሞ ፍጥነት ካላገኙ አይሠሩም፤ ስለዚህ እስኪፈጥን ድረስ ዘንጉ ቀጥ አድርጎ መምራት ነበረበት። ሁሉም ርቆ ቆመ። አባቴ ከአጠገቤ አልሄድም አለ። «ቢስሚላህ በይ» አለኝ። ቢስሚላህ ብዬ ማስነሻውን ተጫንኩ።

ጭስ። ከዚያ እሳት፤ ግን ሦስት ብቻ። አራተኛው አልተቀጣጠለም።

ሮኬቱ ከዘንጉ ሲወጣ ወደ ጎን አዘነበለ። የክበቡ ልጆች ጩኸት ተሰማኝ። አባቴ «ያ አላህ!» ብሎ ክንዴን ጨበጠ። እኔ ግን ሰማያዊውን መስመር ነበር የማየው። ማዘንበሉ አልጨመረም። ሦስቱ ሞተሮች እየገፉ፣ ክንፎቹ ነፋሱን እየያዙ ሄዱ፤ ከዚያ አፍንጫው ሰማዩን ፈልጎ እንዳገኘ ሁሉ ቀጥ አለ። ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ወጣ፣ ትንሽ ነጥብ ሆነ። እሳቱ ጠፋ። ዝም አለ።

ያቺ ዝምታ ከሁሉ ትከፋ ነበር። ያሸነፍኩ ቢሆንም የመርካቶ ሱቃችን በሙሉ ሰማይ ላይ ነው። ፓራሹቱ ካልወጣ ቁልፎቹን ከመሬት ቆፍረን ነው የምናወጣቸው፤ ገመዱ ከተበጠሰ ደግሞ ጭራሹን አናገኛቸውም።

«ቀዩ ጨርቅ የታለ?» አለ አባቴ።

«ይወጣል።»

«የታለ?»

«ይወጣል አባዬ።»

ጧ የምትል ድምፅ መጣችና ቀዩ ገበር ተዘረጋ። ከሥሩ ቱቦውና አፍንጫው ጎን ለጎን ተንጠልጥለው እየተወዛወዙ ወረዱ። ነፋሱ ከሜዳው አሻግሮ አንድ የጤፍ ማሳ ዳር ጣላቸው። ሁላችንም ሮጥን፤ ቀድሞን የደረሰው ግን የዒድ ኮቱን የለበሰው ሰውዬ ነው። ስደርስ ተንበርክኮ መሐረቡን በጥርሱ እየፈታ ነበር። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። የዛገችውን ሲያገኛት «አልሃምዱሊላህ» አለ።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቀጥ ብሎ ሄደ።»

«ቀጥ ብሎ ሄደ።»

«ተሸነፍክ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ለደንበኛው ሁሉ «ይህ ቁልፍ ሰማይ ደርሶ የመጣ ነው» እያለ አስቸገረ። ክበቡም አልተዘጋም። ተሸካሚዎቹ መኪና ሲጭኑ «ከባዱን የት እናድርገው ጋሼ?» ብለው ሲጠይቁት «የሚቆም ከሆነ ከታች፣ የሚሄድ ከሆነ ከፊት!» ይላቸው ነበር። ሸምሱ አበደ ተባለ። ቃሉን ግን ጠበቀ፤ የሱቁን ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። ኋላ ላይ የወንድሙን ልጅ አስመጥቶ አሠለጠነ።

ዛሬ የምሠራው ሮኬት አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ነው የምተክለው። ሮኬቱን ግን የማላስብበት ቀን የለም። ከዚያ እሁድ በፊት አባቴን የሚጎትተኝ ሸክም አድርጌ ነበር የማየው፤ ቶሎ ጥዬው ልብረር የምለው። ክብደቱ ያው ነው፣ አልቀነሰም። የተሳሳተው ቦታው ነበር። እናንተም ከኋላ የሚጎትታችሁ የሚመስላችሁ ሰው ካለ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት እስቲ ከፊት አድርጋችሁ መዝኑት። ምናልባት ቀጥ የሚያደርጋችሁ እሱ ይሆናል።

የተመረቅኩ ዕለት አባቴ ሰው መሃል ግራ እጁን ኪሱ ሲከት አየሁት። «ቃሉን ሊያጥፍ ነው» አልኩ። ቁልፎቹን አወጣ፤ ከቀለበቱ ያቺን የዛገች የጭድ ተራ ቁልፍ ፈታና መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

«አትፍሪ» አለኝ፣ «ይቺ የምትከፍተው በር የለም። ክብደት ሲጎድልሽ እንድትሆንሽ ነው።»